ከፓምፕ ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ፦ የታስማኒያው ሴንት ክሌርና የእኛው አባ ሳሙኤል

በአውስትራሊያ ደቡብ ጫፍ፣ በታስማኒያ ደሴት፣ ሴንት ክሌር በሚባል ሐይቅ ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ግንብ ቆሟል። ከዳርቻው 250 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከየብስ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የኮንክሪት መንገድ ብቻ ነው። ሐይቁ 160 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ በአውስትራሊያ ከእርሱ የሚጠልቅ የለም። ግንቡ ዛሬ ሆቴል ነው። ፓምፕሃውስ ፖይንት ይባላል፤ በውስጡ 12 መኝታ ክፍሎች፣ በሐይቁ ዳር ባለው ሁለተኛ ቤት ደግሞ 6 አሉት። እንግዳው በዚያ መንገድ ተራምዶ ክፍሉ ሲደርስ መስኮቱ ስር ውኃ ነው፤ ፊት ለፊቱ ተራራና ጫካ።

ቤቱ የተሠራው ግን ሰው እንዲያድርበት አልነበረም። በ1940 እ.ኤ.አ. የደሴቲቱ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ሲገነባው ለፓምፖች ብሎ ነው። ታራሊያ የተባለው ማመንጫ የሚሠራው ከደጋው በቦይና በቧንቧ ቁልቁል በሚወርድ ውኃ ነው። ውኃው ተርባይኑን ይመታል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ መብራት ይመጣል። ዝናብ አጥሮ ውኃው በራሱ ጊዜ ወርዶ የማይበቃ ከሆነ ከሐይቁ ስቦ የሚያቀብል ጉልበት ያስፈልጋል ተብሎ ታሰበ፤ ፓምፕ ቤቱ የቆመው ለዚያ ክፉ ቀን ነበር። ክፉው ቀን እንደተፈራው አልመጣም። ፓምፖቹ እምብዛም ሳይሠሩ ዓመታት አለፉ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤቱ ከአገልግሎት ወጥቶ ባዶውን ቀረ።

ቦታው በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ጥብቅ ዱር ውስጥ ስለሆነ ማፍረሱም መለወጡም ቀላል አልነበረም። ሳይመን ከረንት የተባለው የቱሪዝም ሰው ሐሳቡን ይዞ ከዐሥር ዓመት በላይ ጠበቀ። ፈቃድና ገንዘብ ተሟልቶ ሆቴሉ በሩን የከፈተው በ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። የኪዩሙለስ ስቱዲዮ አርክቴክቶች የውጪውን ግድግዳ ሊያሳምሩት አልሞከሩም። በውስጡም የመዳብ ቧንቧዎቹን በግድግዳ አልሸሸጉም፤ በሻካራ እንጨት ላይ ፊት ለፊት እንዲታዩ ትተዋቸዋል። እኔ ከሥራቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። እንግዳው የተኛበት ቤት አንድ ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

አሮጌ የማሽን ቤትን ለሌላ ሥራ የማዋል አሠራር ዛሬ በብዙ አገር አለ። የለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የባንክሳይድ ኃይል ማመንጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የተርባይን አዳራሹ አሁንም በዚያው ስሙ ይጠራል። የድሮ መሐንዲሶች ለማሽን ብለው ጣሪያውን ከፍ፣ መስኮቱን ሰፋ፣ ግድግዳውን ወፍራም አድርገው ስለሠሩ ማሽኑ ሲወጣ ለሰው የሚመች ቤት ይቀራል። የውኃ ኃይል ሕንፃ ደግሞ ሁልጊዜ ውኃ ዳር ነው።

እኛም እንዲህ ያለ ቤት አለን። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ፣ አባ ሳሙኤል የሚባል ግድብ፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅና የኃይል ማመንጫ ይገኛል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን ብዙዎች የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ይሉታል። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለከተማው መብራት ሲሰጥ ቆይቶ በደለልና በጥገና እጦት ቆመ። ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ያረጀ ሕንፃ፣ የዛገ ቧንቧ፣ በአረም የተሸፈነ ሐይቅ ሆኖ ኖረ። እንደ ሴንት ክሌሩ ቤት ግን ሌላ ሥራ አልተፈለገለትም። በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. 6.6 ሜጋ ዋት እያመነጨ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ።

ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት ዐቅም ካለው የዓባይ ግድብ ጎን ሲቆም 6.6 ኢምንት ነው። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። የሚሠራ ማሽን ያለው አሮጌ ቤት በሕይወት ያለ ቤት ነው፤ ተማሪዎችን ወስዶ የሀገራችን መብራት ከየት እንደተነሣ ማሳየት የሚቻልበት ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ የለንም። በሐይቁ ዳር ንጹሕና ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ቢጨመርበት ደግሞ ከመሐል ከተማው ሳንርቅ አንድ ሌሊት የምናድርበት ሐይቅ በኖረን ነበር። ዛሬ አዲስ አበቤ ሐይቅ ሲያምረው ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ነው የሚሄደው።

ማረፊያው ያልተሠራበት ምክንያት ሕንፃ ስለጠፋ አይደለም። ውኃው ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ሁለቱም ከተማውን አቋርጠው፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና ቆሻሻ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገባሉ። ሐይቁ የመላው ከተማ ማጥለያ ሆኗል፤ የሚቀረውን እዚያው አስቀምጦ ውኃውን ወደ አዋሽ ይለቃል። የእምቦጭ አረም የሚፋፋውም በዚህ ነው፤ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ለአረሙ ማዳበሪያው ነው። ሴንት ክሌር ላይ እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ የሚያድረው ለግንቡ ሳይሆን ለውኃው ነው። ያ ውኃ ከጫካ ወርዶ ማንም ሳይነካው ሐይቁ ይደርሳል።

የእኛው ከየት ይነሣል? ከፊሉ የሚነሣው ከየካ ክፍለ ከተማ ነው። ቀበና ከእንጦጦ ተረተር ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ይወርዳል፣ ከግንፍሌና ከሌሎች ጅረቶች ጋር እየተቀላቀለ ወደ ትልቁ አቃቂ ይሄዳል፣ በመጨረሻም አባ ሳሙኤል ይገባል። ከእንጦጦ አናት እስከ ሐይቁ ያለው ቁልቁለት ከሺህ ሜትር ይበልጣል። ከላይ፣ ዛፉ መሐል ያለውን ምንጭ ያየ ሰው ያንኑ ውኃ ከቀበና ድልድይ ላይ ሆኖ ቢያየው አያውቀውም። በመካከላቸው ያለው እኛ ነን፦ ላቫጆው፣ የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው ጋራዥ፣ ወንዙ ላይ የተቀጠለው የሽንት ቤት መስመር፣ ፌስታሉና የሃይላንድ ጠርሙሱ።

ደለሉም ከእንጦጦ ይጀምራል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማውን በማገዶና በቤት እንጨት ያኖረ ባለውለታ ነው። ሆኖም ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አያበቅልም፤ ቅጠሉ ለማገዶ ሲጠረግ ደግሞ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ የክረምት ዝናብ ያን አፈር ይዞ ይወርዳል። ቅጠሉን ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ለዚህ መውቀስ ግፍ ነው፤ ሌላ ማገዶ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? መፍትሔው ለእነርሱ ሌላ መተዳደሪያ ማግኘትና በባሕር ዛፉ ቦታ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ መልሶ መትከል ነው።

ጅምር አለ። በ2013 መስከረም መጨረሻ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከተማው ተራራውን ቀና ብሎ እንዲያየው አድርጓል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የወንዞች ማልማት ዕቅድም በ2011 ይፋ ሆኗል። የወንዝ ዳር መናፈሻ ደስ ይላል፤ አበባና ወንበር ግን ፍሳሹን አያጠራውም። ዋናው ሥራ ከመሬት በታች ነው፦ እያንዳንዱ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር መገናኘቱ፣ መስመር ያልደረሰለት ደግሞ ጉድጓዱን በመጣጭ መኪና ማስመጠጡ። ይህ ለምርቃት ሪባን አይመችም፤ ስለዚህ ነዋሪው ራሱ ሊጠይቅበት ይገባል።

በየካ የምትኖሩ፣ በተለይ ቤታችሁ ቀበና ዳር የሆነ፦ የቤታችሁ ቱቦ የት እንደሚያልቅ እባካችሁ ተከታትላችሁ እዩ። ወንዙ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ለወረዳችሁ አመልክቱ፤ መስመሩ እስኪገባላችሁ ድረስም አትተዉት።