ሰፊዋም እመቤቷም አንድ ናት

የባዝ ከተማ ሕንጻዎች የታነጹበት ወርቅማ ድንጋይ በመስከረም የጠዋት ፀሐይ ሲደምቅ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ሰልፍ ለድንጋዩ ተብሎ የተሰፋ ይመስላል። ወገባቸው ከጡት ሥር የታሰረ ነጫጭ የስስ ጥጥ ቀሚሶች፣ ትከሻ ላይ ጣል የተደረጉ የካሽሚር ሻሎች፣ ከአገጭ በታች በጥብጣብ የተቋጠሩ የገለባ ባርኔጣዎች ያልፋሉ። ከጎናቸው አንገታቸውን በነጭ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ከኋላ የሚረዝም ኮት ደርበው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ወንዶች አሉ። ይህ የጄን ኦስተን ፌስቲቫል ታላቅ የእግር ጉዞ ነው። ደራሲዋ ከ1801 እስከ 1806 በኖረችባት በዚህች የእንግሊዝ ከተማ ከ2001 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው ፌስቲቫል፣ በ2014 በዘመኑ ልብስ ያጌጡ 550 ሰዎችን በአንድ ስፍራ አሰባስቦ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ልብሶች ከፊልም ልብስ የሚለያቸው የባለቤቶቻቸው እጅ ነው። ከለባሾቹ ብዙዎቹ ቀሚሱን የሚያውቁት ገና ጣቃ ጨርቅ ሳለ ጀምሮ ነው፤ ራሳቸው ለክተው፣ ራሳቸው ቆርጠው፣ ረጅሙን የክረምት ምሽት መርፌና ክር ይዘው አሳልፈውበታል። በጀርመን ላይፕሲግ በጰራቅሊጦስ ሰሞን በመናፈሻው ሣር ላይ የሚሰበሰቡት፣ በኒውዚላንድ ኦማሩ የኖራ ድንጋይ ሕንጻዎች መካከል የሚንሸራሸሩትም የዚሁ ጥበብ ወዳጆች ናቸው። ከኦስተን ዘመን ቀጭን ቀሚስ ጀምሮ እስከ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ትልልቅ እጅጌዎች ድረስ እያንዳንዱ አሥር ዓመት የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ አቋምና የራሱ አፍቃሪዎች አሉት።

እኔን ከሁሉ አስበልጦ የሚማርከኝ አንድ ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለታላቅ ግብዣ የሚለበሰውን ቀሚስ የሰፋችውና ቀሚሱን ለብሳ የታየችው ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ በሻማና በጋዝ መብራት ሥር ዓይኗን ስታደክም፣ ሌላዋ በዚያው ሌሊት በጭፈራ አዳራሽ ታበራ ነበር። ዛሬ ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ ተገናኝተዋል። ሥራውን ሙሉ የሚያደርገው ይህ መገናኘት ነው።

ጥበቡን ለመረዳት ከውጭ ሳይሆን ከሥር መጀመር ይገባል። የ1860ዎቹን ልብስ የምትለብስ ሴት መጀመሪያ ስስ የውስጥ ቀሚሷን ታጠልቃለች፤ ቀጥላ ካልሲዋንና ጫማዋን ታደርጋለች፤ ወገብ አጥባቂው ኮርሴት አንዴ ከታሰረ ጎንበስ ማለት ቀላል አይደለምና። ኮርሴቱ ከፊት በብረት ማያያዣ ይገጠማል፣ ከኋላ በክር ይጠበቃል። በራስ ልክ የተሰፋ ኮርሴት ትንፋሽ አይነሳም። ወገቡን ቀጭን አስመስሎ የሚያሳየው ከበላዩ ያለው የትከሻ ስፋትና ከበታቹ ያለው የጉርድ ግዝፈት ነው፤ የዘመኑ ሰፊዎች ዓይንን በመጠን የማሳመን ሊቆች ነበሩ። ከዚያ በ1856 የፈጠራ መብት የተሰጠበት የብረት ክሪኖሊን ይመጣል። የሚተጣጠፉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች፣ ቀደም ሲል ሴቶች ደራርበው ይሸከሙት የነበረውን የውስጥ ጉርድ ክምር ተክተው እግርን ነጻ አወጡ። የቀለበቶቹ ጠርዝ ጎልቶ እንዳይታይ አንድ የውስጥ ጉርድ ይደረብበታል፣ ከዚያ ዋናው ጉርድ፣ በመጨረሻም የላይኛው አካል።

የጉርዱ ወገብ ግን ቀረብ ብለው ሊያዩት የሚገባ ድንቅ ነው። ሜትሮች ስፋት ያለው ሐር እንዴት ወደ አንዲት ጠባብ ወገብ ይገባል? ሰፊዋ የጨርቁን የላይ ጠርዝ አጥፋ፣ እኩል የተራራቁ ስፌቶችን በሁለት ወይም በሦስት ትይዩ መስመር ታስኬዳለች፤ ክሮቹን በአንድነት ስትስባቸው ጨርቁ ተሰብስቦ ጥቃቅን ሽንሽኖች እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ሽንሽን ከዚያ በጫፉ ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ከመቀነቱ ጋር በእጅ ይያያዛል። ጉርዱ ከወገብ እንደወጣ ወዲያው ወደ ውጭ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ በስፌት መኪና የተሰበሰበ ጉርድ ያንን ኩራት አያገኝም። ሌላም አለ፤ በብብቱና በአንገቱ ዙሪያ ባለው ስፌት ውስጥ፣ በሰያፍ በተቆረጠ ሐር የተጠቀለለ ስስ ገመድ ተቀብሯል። ከሩቅ የእርሳስ መስመር ያህል ብቻ ይታያል። ሥራው ግን ስፌቱ በእጅ እንቅስቃሴ እንዳይተረተር መጠበቅ ነው፤ ጌጥና ብርታት በአንድ ክር።

ይህ ሁሉ እውቀት ከየት ተገኘ? ትልቁ ባለውለታ እንግሊዛዊቷ ጃኔት አርኖልድ ናት። በየሙዚየሙ የተቀመጡ ቀሚሶችን ገልብጣ ገበራቸውን እያየች፣ እያንዳንዱን ስፌት እየለካች በካሬ ወረቀት ላይ አሰፈረች፤ በ1964 የታተመው የመጀመሪያው የልብስ ንድፍ (ፓተርን) መጽሐፏ ከ1660 እስከ 1860 ያለውን ዘመን የሚሸፍን ሲሆን፣ ተከታዩ እስከ 1940 ይዘልቃል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ በየስፌት ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ የሚገኘው የእርሷ ሥራ ነው። ከመጽሐፉ የተወሰደው ፓተርን በለባሿ ልክ ይስተካከልና መጀመሪያ በአቡጀዲ ይሞከራል፤ ውድ ሐር ላይ መቀስ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። የጥንቱን ልብስ ራሱን መልበስ የሚታሰብ አይደለም። በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ሐሩን ከባድ ለማድረግ በብረት ጨው ይነከር ስለነበር፣ ብዙዎቹ ቀሚሶች ዛሬ በመንካት ብቻ ይሰነጠቃሉ።

ቀለምም የራሱ የዘመን ሥርዓት አለው። በ1856 የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ በጥር 1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በትልቋ ልጃቸው ሠርግ ላይ ይህንኑ የሐምራዊ ዘር ለብሰው ታዩ፣ ፋሽኑም አበደ። ስለዚህ የ1840ዎቹን ቀሚስ የምትሰፋ ጠንቃቃ ሴት ያንን ደማቅ ሐምራዊ አትመርጥም። የዘመኑን ዝነኛ አረንጓዴ ግን ዛሬ ያለ ስጋት መልበስ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ቀለሙን የሚሰጠው አርሰኒክ ነበር።

መኪና ወይስ እጅ የሚለው ጥያቄም መልሱ ከዓመቱ ጋር ይለዋወጣል። ሲንጀር ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1851 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ላለ ቀሚስ ረጃጅሙን ስፌት በመኪና ማስኬድ ለታሪክም ታማኝ ነው። በእኛ አገር በየልብስ ሰፊው ደጃፍ የምናውቃት ጥቁሯ ሲንጀር የዚያው ዘር ናት፤ የጥበቡ ወዳጆችም በእጅ የምትዞረዋን አሮጌ ሲንጀር እንደ ጌጥ ይንከባከቧታል።

በ1858 ቻርልስ ፍሬደሪክ ወርዝ ፓሪስ ውስጥ ቤቱን ከፍቶ ስሙን በቀሚሶቹ ወገብ ውስጥ ማስፈር ሲጀምር፣ ልብስ እንደ ሥዕል የባለሙያ ፊርማ ያለበት ሥራ ሆነ። መርፌውን የያዙት ሴቶች ግን ያለ ስም ቀሩ። ከእነርሱ የአንዷ ስም ወደ አደባባይ የወጣው በሞቷ ነው። በ1863 የዌልስ ልዑል አዲሷ ሙሽራ አሌክሳንድራ በክብር የሚጋበዙበት የጭፈራ ምሽት ሲቃረብ፣ የ20 ዓመቷ ሜሪ አን ዎክሊ በአንድ የለንደን የልብስ ስፌት ቤት ከ26 ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ከሠራች በኋላ ሞተች። ከሳምንታት በኋላ «ፓንች» መጽሔት የጆን ቴንየልን ሥዕል አወጣ፤ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት የቆመች እመቤት፣ በመስታወቱ ውስጥ የምታየው የሰፊዋን አስከሬን ነው።

የዛሬዋ ሴት የሰፋችውን ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ሰፊዋ ፊት ለፊት ታያታለች፤ በሕይወት ያለች፣ ጣቶቿ በመርፌ የደነደኑ፣ ፈገግ ያለች። አንድ የቁልፍ ቀዳዳ በሐር ክር ዘምዝሞ መጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ትከሻ የት ላይ እንደሚደክም በገዛ አካሏ ታውቃለች። እነዚያ ስም የለሽ ሴቶች ምን ያህል ባለሙያ እንደነበሩ ከእርሷ በላይ የሚመሰክር የለም። በየሳሎኑ ስትገባ የሚታየው ግርማ ኮርሴቱ ካቀናው ጀርባ ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

ይህን ሳስብ ሐሳቤ ወደ ለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይሄዳል። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደሆነ የሚታመን፣ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ በዚያ ይገኛል። ከመቅደላ የሄደው በ1868 ነው፤ እቴጌይቱ ራሳቸው በዚያው ዓመት፣ ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር የእንግሊዝን ጦር ተከትለው ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። በአውሮፓ ያን ሰሞን የክሪኖሊኑ ክብ ከፊት ጠፍጣፋ እየሆነ፣ የጉርዱ ግዝፈት ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ነበር። ባዝና ላይፕሲግ ያሉ እጆች ነጋ ጠባ የሚያጠኑት ዘመን፣ የዚህ ቀሚስም ዘመን ነው። ቀሚሱ በ2018 ሙዚየሙ የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ ባዘጋጀው ትርኢት ለሕዝብ ታይቷል።

ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ጽኑና ተገቢ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ሌላም ነገር እመኛለሁ። ከሽሮ ሜዳም ይሁን ከለንደን፣ የሐበሻ ጥልፍ የምታውቅ አንዲት ባለሙያ የአርኖልድን ዘዴ ይዛ ከቀሚሱ ፊት ትቀመጥ፤ ርዝመቱን ትለካ፣ የጥልፉን ስፌት በዓይነት በዓይነቱ ትመዝግብ፣ ፓተርኑንም በካሬ ወረቀት ላይ ታስፍር። ከዚያ በአዲስ ጥጥ ላይ፣ በአዲስ ሐር፣ በራሷ ልክ ትስፋው።