ሳልሞኔላ ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገባበት መንገድ

ሳልሞኔላ በደንብ ካልበሰለ ሥጋና እንቁላል፣ ካልፈላ ወተት ወይም በቆሸሸ እጅ ከተነካ ምግብ ጋር ወደ አንጀት የሚገባ ባክቴሪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ዳንኤል ሳልሞን ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1885 ከአሳማ ለይቶ ያወጣው አብሮት ይሠራ የነበረው ቴዎባልድ ስሚዝ ነው።

ከተዋጠው ባክቴሪያ አብዛኛው በጨጓራ አሲድ ያልቃል። የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በቀላሉ የሚያዙትም ለዚህ ነው። ተርፎ ትንሹ አንጀት የደረሰውን ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንጀትን ከውስጥ የሸፈኑ ሕዋሳት ይጠብቁታል። የእነዚህ ሕዋሳት ሥራ ከምግብ የሚገኘውን መምጠጥ እንጂ ባክቴሪያ መዋጥ አይደለም። ሳልሞኔላ ግን እንዲውጡት ያስገድዳቸዋል።

መሣሪያው መርፌ ነው። በገላው ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ እጅግ ጥቃቅን መርፌዎች አሉት። መርፌው የሕዋሱን ሽፋን ሲነካ የባክቴሪያው ፕሮቲኖች በቀዳዳው አልፈው ይገባሉ። ከእነዚህ አንዱ ሶፕኢ ይባላል። ሶፕኢ ለሕዋሱ ቅርጽ የሚሰጡትን የአክቲን ክሮች የሚያዝዙ ፕሮቲኖችን ያነቃል፤ በደቂቃዎች ውስጥም የሕዋሱ ሽፋን እንደ ማዕበል ተነሥቶ ባክቴሪያውን ከቦ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኤስፒቲፒ የተባለ ሌላ የባክቴሪያው ፕሮቲን የሶፕኢን ትእዛዝ ሽሮ ሽፋኑን ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመልሰዋል። ሶፕኢን የሕዋሱ የራሱ የፕሮቲን ማፍረሻ ቶሎ ሲያስወግደው ኤስፒቲፒ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የሥራቸው ቅደም ተከተል የሚጠበቀውም በዚህ ነው።

ሕዋሳት የዋጡትን ነገር ኢንዛይም ወዳለበት ከረጢት ልከው ያፈርሱታል። ሳልሞኔላ ያለበት ከረጢት አሲዱ ሲጨምር ግን ባክቴሪያው ሁለተኛ ዓይነት መርፌ ሠርቶ ሌሎች ፕሮቲኖችን ወደ ሕዋሱ ይልካል። በእነርሱ እየታገዘ ጥፋቱን ያመልጣል፤ እዚያው ይራባል።

ሰውነት ዝም አይልም። ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ፣ አንጀቱ ይቆጣል፤ በሽተኛው የሚሰማው ቁርጠት፣ ትኩሳትና ተቅማጥ የዚህ ውጊያ ውጤት ነው። የሚያሳዝነው፣ ቁጣው ራሱ ሳልሞኔላን መጥቀሙ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት የሚለቁት ኦክስጅን አዘል ኬሚካል በአንጀት ውስጥ ያለን የድኝ ውህድ ወደ ቴትራታዮኔት ይለውጠዋል። ሳልሞኔላ በዚህ ውህድ መተንፈስ ስለሚችል፣ ይህን የማይችሉትን ነባር የአንጀት ባክቴሪያዎች በመራባት ይቀድማቸዋል።

ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ መንገዱ የተለየ ነው። ይህ ዝርያ የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ስለሆነ የሚተላለፈው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ቪአይ የተባለው ሽፋኑ ከመከላከያ ሥርዓቱ ስለሚደብቀው መጀመሪያ ላይ አንጀቱን ብዙም አያስቆጣም። በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ጉበት፣ ጣፊያና መቅኒ ይዛመታል፤ ትኩሳቱም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይጀምራል። በአንዳንዶች ደግሞ በሐሞት ከረጢት ውስጥ፣ በተለይ ጠጠር ካለ በላዩ ተጣብቆ፣ ለዓመታት ይኖራል። እነዚህ ሰዎች ሳያማቸው ሌላውን ስለሚያስይዙ ረዘም ያለ የፀረ ባክቴሪያ ሕክምና፣ አንዳንዴም የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ያስፈልጋቸዋል።