ስለ ደንጊያ ትቢያና ስለ ምድር ባቡር ሠራተኞች ጤና

የምድር ባቡር ሐዲድ በባዶ መሬት ላይ አይዘረጋም። ሐዲዱን የሚሸከሙት የእንጨት ወይም የሲሚንቶ አግዳሚዎች በተሰበረ ጠጠር ላይ ይጋደማሉ። ጠጠሩም የባቡሩን ክብደት በምድር ላይ ያካፍላል፥ ሐዲዱን ከስፍራው እንዳይናወጥ ይይዛል፥ የዝናሙንም ውሃ ያሳልፋል። ነገር ግን ባቡር በተመላለሰበት ቍጥር ጠጠሩ እርስ በርሱ እየተፋጨ ይደቃል፤ ስለዚህ ሠራተኞች በየጊዜው ያጠሩታል፥ አዲስም ይጨምሩበታል። በሚራገፍበትና በሚጠቀጠቅበት ጊዜ ትቢያው እንደ ጭጋግ ይነሣል።

በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ግራኒት የሚባለው ጽኑ ደንጊያ ነው። በግራኒት ውስጥ ሲሊካ የሚባል ነገር አለ። ይህ ነገር በደንጊያው ታስሮ ሳለ ማንንም አይጐዳም፤ ደንጊያው ሲሰበር ግን ከትቢያው ጋራ ይወጣል። ወፍራሙ ትቢያ በአፍንጫና በጕሮሮ ይቀራል፤ ዐይን የማያየው ረቂቁ ግን እስከ ሳምባ ጥልቅ ይወርዳል። በዚያም ሳምባውን ያቈስላል፤ ቍስሉ ጠባሳ ይኾናል፥ ጠባሳውም ትንፋሽን ያሳጥራል። ይህ ደዌ ሲሊኮሲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ነው፤ ጠባሳውንም የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ደግሞም ለሳምባ ነቀርሳና ለካንሰር ያጋልጣል።

የእንግሊዝ ሕግ ሠራተኛው በ8 ሰዓት ሥራ የሚተነፍሰው አየር፥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.1 ሚሊግራም የበለጠ ረቂቅ ሲሊካ እንዳይኖርበት ያዛል። አሜሪካም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ልኩን ወደ 0.05 ሚሊግራም አውርዳለች። ይህ መጠን እጅግ ጥቂት ስለ ኾነ፥ አየሩ የጠራ ቢመስልም እንኳ አደጋ የለም ማለት አይቻልም።

መከላከያው ሥርዓት አለው። አንደኛው ትቢያው ሳይነሣ ማስቀረት ነው፤ ይኸውም ጠጠሩን በደንጊያው ካባ ማጠብ፥ ከመራገፉም በፊት በውሃ ማርጠብ ነው። ኹለተኛው ሰውን ከትቢያው መለየት ነው፤ መኪናውን የሚነዳው በተዘጋ ክፍል ይቀመጣል፥ ሌሎቹም ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ይቆማሉ፥ ሥራ የሌለው አይቀርብም። ሦስተኛው ጭምብል ነው። ጭምብል ግን ፊት ላይ ካልገጠመ፥ ወይም ጺም ከከለከለው፥ ትቢያው በዳር ይገባል፤ አፍን በተራ ጨርቅ መሸፈንም ረቂቁን ትቢያ አያግድም። ከሥራ በኋላም ልብስን ማራገፍና ደረቁን ትቢያ መጥረግ የተኛውን መልሶ ማስነሣት ነው። ሐኪምም የሠራተኞቹን ሳምባ በየጊዜው ሊመረምር ይገባል።

እንግዲህ ጭምብል ሰጥቶ ውሃን የነፈገ አለቃ የመጀመሪያውን ትቶ የመጨረሻውን ያዘ እንጂ ግዴታውን አልፈጸመም። ሠራተኛውም «እስካሁን ምንም አልኾንኩም» ብሎ ሊታለል አይገባውም፤ ደዌው ሳይሰማ ይገባልና። ጠጠርን ማርጠብ ሥራውን ጥቂት ያዘገይ ይኾናል፤ የጠፋ ትንፋሽ ግን በደመወዝ አይመለስም።