ስርዓተ ክወናን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ማዛወር፦ የፈቃድ ውልና የሕግ ወሰን

አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ኮምፒውተሩን በአዲስ ሲተካ፣ በአሮጌው ላይ የነበረውን ስርዓተ ክወና ወደ አዲሱ ማዛወር ይችላልን? በቴክኒክ ረገድ ሥራው አስቸጋሪ አይደለም፤ በሕግ ረገድ ግን መልሱ የሚገኘው ገንዘቡ የተከፈለው ለምን እንደነበር በመለየት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ፈቃድ በምሳሌነት በመውሰድ፣ በገዥው እጅ የገባው ንብረት ነው ወይስ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ የሚለውን ጥያቄ ይመረምራል።

ዊንዶውስ ለግለሰብ ተጠቃሚ የሚቀርበው በዋናነት በሁለት ዓይነት ፈቃድ ነው። የመጀመሪያው ከአምራቹ ዘንድ በኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ የሚመጣው ነው። ይህ ፈቃድ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ወደ ሌላ አይዛወርም፤ ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ግን አብሮት ወደ አዲሱ ባለቤት ያልፋል። ሁለተኛው ለብቻው በችርቻሮ የሚሸጠው ነው። ይህንን ተጠቃሚው ወደ ሌላ ኮምፒውተሩ ማዛወር ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ለሁለት ኮምፒውተሮች ስለማያገለግል ከቀድሞው ላይ ማጥፋት ይኖርበታል።

ይሁንና ኮምፒውተሩ «ያው ነው» የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው? ሃርድ ዲስኩ ቢለወጥ ያው ነው። ማዘርቦርዱ ከብልሽት ውጭ በሆነ ምክንያት ከተለወጠ ግን በማይክሮሶፍት ደንብ አዲስ ኮምፒውተር እንደተፈጠረ ይቆጠራል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ፈቃድም በዚያው ያበቃል። የተበላሸ ማዘርቦርድ ሲተካ ግን ፈቃዱ ይቀጥላል።

እነዚህን ደንቦች የሚያወጣው ራሱ ፈቃድ ሰጪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው የዊንዶውስ ቪስታ የፈቃድ ውል፣ በችርቻሮ የተገዛውን ቅጂ ማዛወር የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ ተጠቃሚዎች በመቃወማቸው ገደቡ በሳምንታት ውስጥ ተነሣ።

ውሉ ራሱ ደግሞ በሕግ ይመዘናል፤ በዚህ ረገድ አሜሪካና አውሮፓ ተለያይተዋል። የአሜሪካ ዘጠነኛ ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 በቬርኖርና በአውቶዴስክ ክርክር ሦስት መመዘኛዎችን አስቀመጠ፦ አምራቹ የሰጠው ፈቃድ መሆኑን ከገለጸ፣ ማስተላለፍን በእጅጉ ከገደበና በአጠቃቀም ላይ ጉልህ ክልከላ ካደረገ፣ ገዥው የቅጂው ባለቤት ሳይሆን ባለፈቃድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቅጂውን መልሶ ሊሸጥ አይችልም።

በአንጻሩ የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2000፣ ማይክሮሶፍት ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ብቻ እንዲሸጥ ያወጣውን ቅጂ ነጋዴው ለብቻው እንዳይሸጥ በቅጂ መብት ሊከለክል እንደማይችል ፈረደ። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤትም በ2012 በዩዝድሶፍትና በኦራክል ጉዳይ፣ ተመጣጣኝ ክፍያ ተቀብሎ ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ ፈቃድ ሽያጭ መሆኑን ወሰነ። ሻጩ ግን የራሱን ቅጂ ከአገልግሎት ውጭ ማድረግ አለበት። በ2016 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ዲስክ ቢበላሽ እንኳ የመጠባበቂያ ቅጂውን ያለ ባለመብቱ ስምምነት መሸጥ እንደማይቻል አከለ።

በአጠቃላይ፣ አንድ ፈቃድ ሊባዛ እንደማይገባ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ፤ የሚለያዩት ቅጂው ከተሸጠ በኋላ ዕጣውን የሚወስነው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ስለሆነም ገዥ ዋጋ ሲያነጻጽር የፈቃዱን ዓይነትም አብሮ ሊመለከት ይገባል፤ በርካሽ የተገኘው ፈቃድ ዕድሜው ከኮምፒውተሩ ዕድሜ ላያልፍ ይችላልና።