ዝናብ በቢራቢሮ ክንፍ ላይ

አደይ በፈነዳበት ሰሞን፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳርቻ ከሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር ቢራቢሮ ስንጠብቅ አረፈድን። ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን አወጉን፤ ዱሮ መስኩ በቢራቢሮ ይሸፈን ነበር፣ ሐይቁም እምቦጭ አያውቅም ነበር። የእምቦጩ እውነት ነው፤ በጣና የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የቢራቢሮው ግን ትዝታ እንጂ ቆጠራ አይደለም።

አንዲት ተማሪ፣ «ከየት እንደሚመጡስ በምን ይታወቃል?» አለችን። መልሱ ከክንፋቸው ላይ ነው።

ከ6,400 ያህል የሃይድሮጅን አተሞች አንዱ ዲዩቴሪየም የተባለው አይሶቶፕ ነው። በኒውክለሱ ኒውትሮን ስለሚጨመርበት ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ደመና ሲዘንብ ከባዱ ውኃ ይቀድማል፤ ስለዚህ ደመናው ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን በዘለቀ ቁጥር ዝናቡ እየቀለለ ይሄዳል። ተክሉ ያንን ውኃ ይጠጣል፤ አባጨጓሬው ተክሉን ይበላል፤ ከዚያ የተሠራው ክንፍ ደግሞ አይለወጥም። ቢራቢሮዋ ሰሃራን ብትሻገርም የተወለደችበትን ቀዬ ዝናብ ይዛ ትዞራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በዚሁ ዘዴ፣ የአውሮፓ ብርድ ሲያበቃ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ከተያዙት ቫኔሳ ካርዱይ የተባሉ ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ብዙዎቹ ከሰሃራ በስተደቡብ ያደጉ መሆናቸውን አሳይቷል።

በእኛ አገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። የአዲስ አበባ ዝናብ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እየዘነበ እንኳ ከሚጠበቀው የበለጠ ዲዩቴሪየም ይገኝበታል፤ ምክንያቱም ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

እስከ እኩለ ቀን የመጡት ሦስት ቢራቢሮዎች ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ቀኑንና ቁጥሩን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉ።