ሆት ሃች

ሆት ሃች የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ከተለመደው ዓይነቱ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመለት ትንሽ የቤት መኪና ነው። ታዋቂ ምሳሌው እ.ኤ.አ. በ1975 በፍራንክፈርት ለእይታ የቀረበው፣ 110 የፈረስ ጉልበት ያለው ቮልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው።

ለመሮጫ መም ማዘጋጀት

መኪናው በዝግ መም ላይ በፍጥነት እንዲነዳ ሲፈለግ ለውጡ በቅደም ተከተል ይደረጋል፦

1. ፍሬን፦ የፍሬን ዘይት ግሎ ከፈላ አረፋ ይፈጥራል። አረፋው ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዶት 4 ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ሲስብ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ ይታደሳል፤ ሙቀት የሚችል ሸራም ይገጠማል።
2. ጎማ፦ መንገዱን ይበልጥ የሚቆነጥጥ ይመረጣል።
3. ሞላና አሞርዛተር፦ ጠንከር ያሉት መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል ይረዳሉ።
4. ክብደት፦ የኋላ ወንበርና ትርፍ ዕቃ ይወጣል።
5. ሞተር፦ የመጨረሻው ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

ባሕር ዳርና ዘጌ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። የመኪናው ክብደት ግን አይቀንስም፤ የሳሳው አየርም ፍሬኑን በሚገባ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ በደጋማ አገርም ቢሆን ሥራው የሚጀምረው ከፍሬን ነው።