ባላውን አይቶ ሰብሉን ማወቅ

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ናሙዎንጎ የሚባል ሰፈር አለ። በላዩ የባለጠጎች መኖሪያ የኾነው የሙየንጋ ኮረብታ ይታያል፤ በታቹ የባቡር ሐዲድ ያልፋል፤ ከዚያም ወዲያ የከተማውን ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደው የናኪቩቦ ቦይና ረግረጉ ይገኛሉ። ከአካባቢው ድኾች አያሌዎቹ በዚህ ረግረግ ላይ ጎደሬና ሸንኮራ አገዳ እየተከሉ ይኖራሉ። ኹለቱም ሰብሎች ድጋፍ ሳይሹ በገዛ እግራቸው የሚቆሙ ናቸው።

ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ገጠር የሚጓዝ መንገደኛ ግን ሌላ ዓይነት እርሻ ያጋጥመዋል። በአንዱ ማሳ ካስማ እንደ ጫካ ቆሞ ያያል፤ በሌላው እንደ ልብስ ማስጫ በእንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ያያል፤ በሦስተኛው ደግሞ ሐረግ እንደ ገመድ የተጠመጠመባቸው ትንንሽ ዛፎች ያያል። ምን እንደ ተተከለ ለማወቅ ፍሬው እስኪታይ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ድጋፉን አስተውሎ የተመለከተ ሰው ሰብሉን በስሙ ሊጠራው ይችላልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛፍ ወፍራም ግንድ ለመሥራት ብዙ ዘመንና ብዙ ኀይል ያጠፋል፤ ሐረግ ግን የሌላውን ግንድ ተውሶ የራሱን ኀይል በቅጠልና በፍሬ ላይ ያውላል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1865 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ ሐረጎች እንቅስቃሴ ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ አወጣጣቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በግንዱ ራሱ ይጠመጠማል፤ አንዳንዱ እንደ ክር በቀጠነ እጅ ይጨብጣል፤ አንዳንዱም ከግንዱ በሚወጣ ሥር ይጣበቃል። ገበሬው የሚያቆመውም ድጋፍ እንደ ተክሉ አያያዝ ይለያያል። በወላይታ የቦዬ ሐረግ በካስማ ላይ ሲወጣ፣ ወይም በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የወይን ረድፍ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከካምፓላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጕዞ በሩዋንዳ ወሰን አጠገብ ካባሌና ኪሶሮ የደረሰ መንገደኛ በተራራው ጥግ ላይ የሚያየው የካስማ ጫካ፣ የአደንጓሬ ማሳ ነው። ይህ ረጅም አደንጓሬ በግንዱ የሚጠመጠም ስለ ኾነ ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ይበቃዋል። የሚጠመጠመውም ዘወትር ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ በግድ ወደ ሌላው ቢያዞሩት ተመልሶ ወደ ልማዱ ይሄዳል። በጎረቤት አገር በሩዋንዳ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ተሰራጭቷል። መሬት ለጠበበው ገበሬ ወደ ጐን ከመስፋት ወደ ላይ መውጣት ይሻለዋል፤ ምርቱም ከአጭሩ አደንጓሬ እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ካስማ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ነው። ለዚህም ባሕር ዛፍ፣ ቀርከሃና ዝሆኔ ሣር ይቈረጣል። ደን ባለቀበት ተራራ ላይ ከዘሩ ይልቅ ካስማው የሚያስጨንቅበት ጊዜ ስለ አለ፣ ባለሙያዎች ጥቂት እንጨት ብቻ ተክሎ በመካከሉ ገመድ መወጠርን ይመክራሉ።

በሽቦ ላይ የተዘረጋውና እንደ መጋረጃ ወደ ታች የሚወርደው ሐረግ ደግሞ በሉጋንዳ ቋንቋ ኦቡቱንዳ፣ በእኛ ገበያ ፓሽን ፍሩት የሚባለው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ወይን ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን ቅጠሉ በሦስት የተከፈለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ አበባውም ከማንኛውም አበባ ጋር አይምታታም። በደቡብ አሜሪካ ወንጌል የሰበኩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አበባውን አይተው ሕማማተ ክርስቶስን አስታወሱ፤ ዙሪያውን የከበበውን ክር በእሾኽ አክሊል፣ አምስቱን የወንድ ዘር መያዣዎች በአምስቱ ቍስሎች፣ ከላይ ያሉትን ሦስቱን በሦስቱ ችንካሮች መስለው ተረጐሙት። ኢጣልያኖችም ፍሩቶ ዴላ ፓሲዮኔ፣ ማለት የሕማማት ፍሬ የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህ ሐረግ እንደ ክር በቀጠነ እጅ የሚጨብጥ ስለ ኾነ ወፍራም እንጨት ሊይዝ አይችልም፤ ሽቦ ግን ለመጨበጥ ይመቸዋል።

ሦስተኛውን ለማየት ከካምፓላ ወደ ምሥራቅ በጂንጃ መንገድ ወደ ሙኮኖ መሄድ ነው። እዚያ በሙዝና በቡና ጥላ ሥር፣ በተቈረጡ ትንንሽ የጃትሮፋ ዛፎች ላይ ቅጠሉ የወፈረ አረንጓዴ ሐረግ ወጥቶ፣ ከሰው ቁመት እንዳያልፍ ተመልሶ ወደ ታች ታጥፎ ይታያል። ይህ ቫኒላ ነው። ከግንዱ በሚወጣ ሥር የሚጣበቅ ስለ ኾነ ሽቦ አይመቸውም፤ ልጥ ያለው ሕያው ዛፍ ይሻል። የታጠፈበትም ምክንያት አበባው ለእጅ እንዲቀርብ ነው። አበባው የሚከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ሲኾን፣ የትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ ውጪ በሰው እጅ ካልተዳቀለ ፍሬ አይሰጥም። በቀጭን ስንጥር የማዳቀሉን ብልኀት በ1841 ያገኘው በሬዩንዮን ደሴት ባሪያ የነበረ የ12 ዓመት ልጅ፣ ኤድሞን አልቢዩስ ነው፤ እስከ ዛሬም ዓለም የሚሠራበት በዚሁ መንገድ ነው።

አበባው ከተዳቀለ በኋላ ፍሬው እስኪበስል 9 ወር ያህል ይቈያል። በ2017 ዐውሎ ነፋስ ማዳጋስካርን በመታ ጊዜ የቫኒላ ዋጋ በኪሎ ከ500 ዶላር በላይ ወጣ፤ በኡጋንዳም ሌቦች ያልበሰለውን ፍሬ በሌሊት ይቈርጡ ስለ ነበር ገበሬዎቹ በማሳቸው ውስጥ እያደሩ ጠበቁ። መንግሥትም ስርቆቱን ለመግታት የመልቀሚያውን ቀን በዐዋጅ መወሰን ዠመረ።

እንግዲህ ድጋፍ የሰብሉን ስም ብቻ ሳይኾን የገበሬውን ተስፋ ርዝመትም ይናገራል። የአደንጓሬ ካስማ የሚያገለግለው ለአጭር ወራት ነው፤ ነገ ተነቅሎ ከሌላ ማሳ ሊተከል ይችላል። የፓሽን ፍሩት ሽቦና እንጨት ለብዙ ወራት መከር የተሠራ ነው። ለቫኒላ ዛፍ የሚተክል ሰው ግን የመጀመሪያውን አበባ ለማየት 3 ዓመት ያህል ይጠብቃል። በዚያ መሬት ላይ እንደሚቈይ ያላመነ ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም። በቡጋንዳ ገጠር ጭሰኛው ያለ ፍርድ ከይዞታው እንዳይነቀል በ1928 ሕግ ወጥቶለት ነበር፤ በ1998 የወጣውም የመሬት ሕግ ለእንደዚህ ያለው ባለይዞታ የመኖር መብት ያውቅለታል። ባላ የሚቆመው እንደዚህ ያለ መተማመኛ ባለበት ስፍራ ነው።

በናሙዎንጎ ሥር ባለው ረግረግ ባላ የማይታይበት አንዱ ምክንያት ተፈጥሮ ነው፤ ጎደሬ ውሃ ይወዳል፤ የፓሽን ፍሩትና የቫኒላ ሥር ግን ውሃ በተኛበት ይበሰብሳል። ኹለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። በ1995 ሕገ መንግሥት መሠረት ረግረግ በመንግሥት ዐደራ ለሕዝብ ኹሉ የሚጠበቅ ስለ ኾነ ማንም በስሙ ሊያደርገው አይችልም። ሕጉም ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ ካምፓላ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ፍሳሹ ከሚገባበት ከዚያው ከመርችሰን ባሕር ሰላጤ ጋባ ላይ የሚቀዳ ነውና፣ በመካከል ኾኖ ቈሻሻውን የሚያጠራው ረግረጉ ነው። ነገር ግን ለከተማው የሚጠቅመው ሕግ፣ የዕለት ጉርሱን ከዚያ ጭቃ የሚያወጣውን ሰው ለሚመጣው ዓመት እንዳያስብ ያደርገዋል። ሌላ መሬት ያልተሰጠው ድኻ ከረግረጉ ውጣ ቢባል ተመልሶ መግባቱ አይቀርም።

ስለዚህ በእርሻ አጠገብ የሚያልፍ አስተዋይ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሐረጉ እንዴት ይይዛል? የያዘው ምንድን ነው? ያንን ድጋፍ ያቆመው ሰው በዚያ መሬት ላይ ስንት ዓመት ልኖር እችላለሁ ብሎ ያስባል? የመጀመሪያዎቹ ኹለቱ የሰብሉን ስም ያስታውቁታል፤ ሦስተኛው ግን የአገሩን አኗኗር ይገልጥለታል።